የ12ኛ ክፍል ፈተናን ድጋሚ መውሰድ፦ ከመወሰን በፊት ሊመዘኑ የሚገባቸው ጉዳዮች

የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሰሞን በብዙ ቤቶች ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የሚፈለገውን ነጥብ ያላገኘ ተማሪ ለቀጣዩ ዓመት እንደገና ይፈተን ወይስ ሌላ መንገድ ይያዝ? ጥያቄው የአንድ ዓመት ዕድሜን፣ የቤተሰብን ገንዘብና የወጣቱን ተስፋ የሚነካ በመሆኑ በኀዘን ወይም በቁጣ መካከል መልስ ሊሰጠው አይገባም። ይህ ጽሑፍ ተፈታኞችና ወላጆች ውሳኔያቸውን በተረጋጋ መንፈስና በመረጃ ላይ ተመሥርተው እንዲሰጡ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

የጽሑፉ ዋና መልእክት በአጭሩ የሚከተለው ነው። ድጋሚ መፈተን የሚጠቅመው ያለፈው ውጤት ለምን እንደመጣ ሲታወቅና በሚመጣው ዓመት የሚለወጥ ነገር ሲኖር ነው። በዚያው ዝግጅት፣ በዚያው ሁኔታ ለሁለተኛ ጊዜ የሚቀርብ ተፈታኝ ከመጀመሪያው ብዙም ያልራቀ ውጤት ቢያገኝ የሚያስገርም አይሆንም።

ውጤቱ ስንት ተማሪዎችን ይመለከታል?

የ10ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠቃለያና የከፍተኛ ትምህርት ዋነኛ መግቢያ በር ሆኗል። ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ጀምሮ ደግሞ ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። ፈተናው ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት ጀመረ፤ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ነጥብም 50 በመቶና ከዚያ በላይ እንዲሆን ተወሰነ።

ከዚያ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ እያለ ቢመጣም ከአሥር ተፈታኞች ከዘጠኝ የሚበልጡት አሁንም ከማለፊያው ነጥብ በታች ናቸው። ስለዚህ ይህን ነጥብ ያላገኘ ተማሪ ብቻውን እንደወደቀ፣ ቤተሰቡን እንዳሳፈረ ወይም ለትምህርት እንዳልተፈጠረ አድርጎ ራሱን ሊመለከት አይገባም። ውጤቱ በ9ኛ፣ በ10ኛና ከዚያም በፊት በነበሩት ዓመታት የተጠራቀመውን የትምህርት ክፍተት ጭምር የሚያሳይ ነው።

ይሁንና እነዚሁ ቁጥሮች ሌላም ነገር ይናገራሉ። የማለፊያው ነጥብ በቀላሉ የሚደረስበት አይደለም። ድጋሚ ለመፈተን የሚወስን ሰው «በሚቀጥለው ዓመት ይሳካል» በሚል ምኞት ብቻ ሊነሣ አይችልም።

በመጀመሪያ፦ የውጤቱን ትክክለኛነት ማረጋገጥ

ስለ ድጋሚ ፈተና ከማሰብ አስቀድሞ በእጅ ያለው ውጤት በትክክል የተፈታኙ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ተፈታኙ ስሙ፣ የመለያ ቁጥሩና የትምህርት መስኩ በትክክል መመዝገቡን፣ የተፈተናቸው የትምህርት ዓይነቶች በሙሉ ነጥብ የተሞላላቸው መሆኑን፣ ድምሩም ትክክል መሆኑን በጥሞና ይመልከት። የጎደለ ወይም የማይመስል ነገር ካለ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ቅሬታ ለመቀበል በሚያሳውቀው መንገድና ጊዜ ውስጥ ማመልከት ይገባል። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ አጭር ስለሆነ «ቆይቼ አየዋለሁ» ማለት መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

ቅሬታ ማቅረብ የሚገባው ግን ተጨባጭ ምክንያት ሲኖር ነው። ውጤቱ ከተጠበቀው በታች መሆኑ ብቻውን ስሕተት መኖሩን አያመለክትም። የቅሬታውን ምላሽ በመጠበቅም ሌሎች የምዝገባና የምደባ ቀኖች እንዳያልፉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ ከድምሩ ጀርባ ያለውን ማንበብ

አብዛኛው ተፈታኝ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም ፈተና የተፈጥሮ ሳይንስም ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች ውጤት የተያዘው ከ600 ነበር፤ የማለፊያው ነጥብም 300 ነው ማለት ነው። «240 አመጣሁ፤ የቀረኝ 60 ብቻ ነው» የሚለው አባባል ትክክል ቢመስልም የዝግጅትን ሁኔታ በሙሉ አያሳይም።

ጥያቄዎቹ አራት አማራጮች ያሏቸው የምርጫ ጥያቄዎች ናቸው። ምንም ሳያነብ በግምት ብቻ የሚያጠቁር ተፈታኝ በአማካይ ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱን ሊያገኝ ይችላል። ይህም ከ100 ወደ 25፣ ከ600 ደግሞ ወደ 150 ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ የዕውቀት መለኪያ ተደርጎ ሊታይ የሚገባው ከዚህ መነሻ በላይ ያለው ነጥብ ነው።

በዚህ ስሌት መሠረት በአንድ ትምህርት ከ100 ውስጥ 30 ያገኘ ተማሪ እርግጠኛ ሆኖ የመለሳቸው ጥያቄዎች ከ15 አንድ ያህል ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የቀረው በግምት የተገኘ ነው። 40 ያገኘው ከአምስት ጥያቄዎች አንዱን፣ 50 ያገኘው ደግሞ ከሦስት አንዱን በእርግጠኝነት እንዳወቀ ሊገመት ይችላል። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ በከፊል የሚያውቅ ተማሪ አንዳንድ አማራጮችን አስወግዶ ይመልሳልና። ሆኖም ሁለት ነገሮችን በግልጽ ያሳያል። አንደኛ፣ ከ25 እስከ 32 ያለ ነጥብ «ትንሽ ቀረኝ» የሚያሰኝ ሳይሆን ትምህርቱን ከመሠረቱ መጀመር እንደሚያስፈልግ የሚጠቁም ነው። ሁለተኛ፣ 40ና ከዚያ በላይ የደረሰ ተማሪ መነሻ ስላለው በተጠና ሥራ ወደ 50 ሊደርስ የሚችልበት ዕድል የተሻለ ነው።

ሁለት ምሳሌዎች

ነጥቡን ለማብራራት ያህል ሁለት ተፈታኞችን እናስብ። ቁጥሮቹ ለምሳሌነት የቀረቡ ናቸው።

የመጀመሪያዋ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። በእንግሊዝኛ 46፣ በሒሳብ 31፣ በፊዚክስ 34፣ በኬሚስትሪ 41፣ በባዮሎጂ 52፣ በአፕቲትዩድ 48 አግኝታለች። ድምሩ 252 ነው፤ ለማለፍ 48 ነጥብ ይቀራታል። ይህን ነጥብ ከየት ማግኘት እንደምትችል ማሰብ ይቻላል። ኬሚስትሪን በ12፣ እንግሊዝኛን በ10፣ ባዮሎጂን በ10፣ ፊዚክስን በ10፣ አፕቲትዩድን በ6 ብታሳድግ ሒሳብ እንዳለ ቢቀር እንኳ 300 ትደርሳለች። ይህች ተማሪ ሥራዋን ቆጥራ ልትይዘው የምትችል ዕቅድ አላት። ድጋሚ መፈተን ለእርሷ በቁም ነገር ሊታሰብ የሚገባ አማራጭ ነው።

ሁለተኛው የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነው። በእንግሊዝኛ 29፣ በሒሳብ 24፣ በጂኦግራፊ 33፣ በታሪክ 31፣ በኢኮኖሚክስ 28፣ በአፕቲትዩድ 29 አግኝቷል። ድምሩ 174 ሲሆን 126 ነጥብ ይቀረዋል። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሁሉም ነጥቦቹ ለግምት መነሻው የቀረቡ መሆናቸው ነው። ይህ ተማሪ ችሎታ የለውም ማለት አይደለም። የጥያቄ ወረቀቱ የቀረበበትን ቋንቋ በበቂ ሁኔታ ያልተረዳ፣ የታችኞቹን ክፍሎች ትምህርትም በደንብ ሳይዝ ያለፈ ሊሆን ይችላል። የቀደሙ ዓመታት ጥያቄዎችን ብቻ እየደጋገመ አንድ ዓመት ቢቀመጥ ለውጡ አነስተኛ ይሆናል። እርሱ ቀድሞ ሊያስበው የሚገባው ሙያን እየተማሩ መሠረትን ማጠናከር ይሻል እንደሆነ ነው።

ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ስሜት ውጤታቸውን ተቀብለው ሊሆን ይችላል። የሚገባቸው ውሳኔ ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ድጋሚ ስለመፈተን የጓደኛ ወይም የጎረቤት ልጅ ያደረገውን መከተል አይበቃም።

ሦስተኛ፦ ነጥቡ ለምን ቀረ?

የውጤት ዝቅ ማለት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። ተፈታኙ ከሚከተሉት የትኛው እንደሚመለከተው ራሱን በሐቀኝነት ሊጠይቅ ይገባል።

የመጀመሪያው በፈተናው ሰሞን የደረሰ ችግር ነው። ሕመም፣ የቤተሰብ ኀዘን፣ የመንገድ መቋረጥ ወይም የአካባቢ የጸጥታ ችግር ተማሪው ያለውን ዕውቀት እንዳያሳይ ሊያደርገው ይችላል። በክፍል ውጤቱና በሞዴል ፈተናዎች ጥሩ የነበረና በእንዲህ ያለ ምክንያት ዝቅ ያለ ተማሪ ድጋሚ ቢፈተን የተሻለ ውጤት እንደሚያገኝ መጠበቅ ምክንያታዊ ነው።

ሁለተኛው የቋንቋ ችግር ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያውም የፈተናውም ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ትምህርቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማስረዳት የሚችል፣ ጥያቄውን ግን አንብቦ የማይረዳ ተማሪ በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ነጥብ ያጣል። የዚህ ተማሪ ዝግጅት ከእንግሊዝኛ ንባብ መጀመር አለበት።

ሦስተኛው የመሠረት ክፍተት ነው። የ9ኛ ክፍል አልጀብራን ያልያዘ ተማሪ የ12ኛ ክፍል ካልኩለስን በቃል በማጥናት አይወጣውም። በየክፍሉ የተዘለለው ክፍል ተመልሶ ካልተሞላ ከላይ የሚጨመረው አይጸናም።

አራተኛው የአጠናን ችግር ነው። መጻሕፍቱን ሳይከፍቱ በአጫጭር ማስታወሻና በተሰበሰቡ መልሶች ላይ መመካት፣ ሰዓትን አለመጠቀም፣ በሚያውቁት ትምህርት ላይ ብቻ መቆየትና የሚከብደውን መሸሽ በብዛት የሚታዩ ናቸው። ሌላ ሰው ያግዘኛል፣ ጥያቄው አስቀድሞ ይወጣል የሚል ተስፋም እዚሁ ውስጥ ይካተታል። በማኅበራዊ ድረ ገጾች «የፈተና መልስ» እየተባለ በገንዘብ የሚሸጠው ነገር ብዙዎችን ያታለለ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

አምስተኛው በኮምፒውተር ካለመለማመድ የሚመጣ ነው። ፈተናው ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ከወረቀት በተጨማሪ በበይነ መረብ እየተሰጠ ነው። ማውዝና የቁልፍ ሰሌዳ ይዞ የማያውቅ ተፈታኝ ጊዜ ሊያባክን ይችላል። ይህ ግን በጥቂት ቀናት ልምምድ የሚቀረፍ ችግር ነው።

አራተኛ፦ በሚመጣው ዓመት ምን ይለወጣል?

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ወሳኙ ነው። ባለፉት ዓመታት ውጤት ይፋ የሆነው በዓመት መለወጫ ሰሞን፣ ቀጣዩ ፈተና ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሐምሌ ነው። በመካከሉ አሥር ወራት ያህል አሉ። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ለ40 ሳምንታት ያጠና ሰው 800 ሰዓት ያገኛል። ይህም ከአፕቲትዩድ ውጪ ላሉት አምስት የትምህርት ዓይነቶች ለእያንዳንዳቸው 160 ሰዓት ነው፤ ብዙ ሊሠራበት የሚችል ጊዜ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የሚያገኝ ሰው ግን በዓመቱ ያለው 200 ሰዓት ነው። ስለዚህ «አንድ ዓመት አለኝ» ከማለት ይልቅ «በእርግጥ ስንት ሰዓት አለኝ?» ብሎ መቁጠር ይሻላል።

ከጊዜው በተጨማሪ የሚከተሉት መሟላታቸው ይታይ። የሚጠናበት ጸጥ ያለ ቦታ፣ በቤት ባይኖር በአቅራቢያ ያለ የሕዝብ ወይም የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ የመማሪያ መጻሕፍት፤ ሲቸግር የሚጠየቅ መምህር ወይም የቀደመ ተማሪ፤ አብረው የሚያጠኑ ሁለት ሦስት ጓደኞች። ከእነዚህ አብዛኛው ከሌለና ሊገኝም ካልቻለ ድጋሚ ለመፈተን ብሎ ዓመቱን በሙሉ ከሌላ ሥራ መገለል አይመከርም።

ሌላው ሊጤን የሚገባው የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ ነው። በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት የተማሩ ተፈታኞች ለሚፈተኑበት ዓመት የተገለጸውን የፈተና ይዘትና ወሰን ቀድመው ማየት፣ በእጃቸው ያሉት መጻሕፍትም ከዚያ ጋር የሚስማሙ መሆናቸውን ማረጋገጥ አለባቸው። በአሮጌ መጽሐፍ ብቻ የሚደረግ ዝግጅት ልፋትን ሊያባክን ይችላል።

አምስተኛ፦ ከድጋሚ ፈተና ሌላ ያሉ መንገዶች

ውሳኔው «ልፈተን ወይስ ልቀመጥ» በሚል ብቻ ሊታይ አይገባም። ሌሎች አማራጮችም አሉ።

ሀ. የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም። በተለምዶ ሪሜዲያል የሚባለው ይህ ፕሮግራም ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ከ50 በመቶ በታች ካመጡት ውስጥ የተሻለ ነጥብ ያላቸው ተማሪዎች በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ተገኝተው የተወሰኑ ትምህርቶችን እንዲያጠናክሩና በመጨረሻ ተመዝነው፣ ካለፉ ወደ አንደኛ ዓመት እንዲገቡ የተዘረጋ ነው። የመቁረጫው ነጥብ በየዓመቱ በማስታወቂያ ይገለጻል፤ ለሴቶች፣ ለአርብቶ አደር አካባቢዎችና ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የተለየ ነጥብ ሲወሰንም ቆይቷል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ሳያዩ «እኔን አይመለከተኝም» ማለት አይገባም። ምደባ ያገኘ ተማሪ መምህር፣ ቤተ መጻሕፍትና የጥናት ድባብ በአንድ ቦታ ያገኛል። ይህን ትቶ በቤት ሆኖ ድጋሚ ለመፈተን መምረጥ ጠንካራ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ለ. የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና። በሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና በክልል ቢሮዎች ሥር ያሉ ኮሌጆች በኤሌክትሪክ፣ በአውቶሞቲቭ፣ በግንባታ፣ በሆቴል፣ በጤና፣ በግብርና፣ በመረጃ ቴክኖሎጂና በሌሎች ዘርፎች ያሠለጥናሉ። ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ ሲሆን ሠልጣኙ የሙያ ብቃት ምዘና ወስዶ ሲያልፍ የምስክር ወረቀት ያገኛል። ዘርፉ የወደቁ ተማሪዎች መጠለያ ተደርጎ የሚታይበት አመለካከት ሊታረም ይገባል። ዛሬ በየከተማው ሥራ የማያጣው ኤሌክትሪሽያን ወይም መካኒክ ለዚህ ምስክር ነው።

ሐ. የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት። ለዲግሪ ትምህርት የሚጠየቀው የ50 በመቶ መስፈርት በግል ተቋማትም ላይ ይሠራል። «ነጥብህ ባይሞላም በዲግሪ እንመዘግብሃለን» የሚል ተቋም ካጋጠመ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን መጠየቅ ያስፈልጋል። መስፈርቱን ሳያሟላ የተመዘገበ ተማሪ ዓመታትን ተምሮ ማስረጃው የማይረጋገጥለት ሊሆን ይችላል። የአንድ ዓመት መዘግየት ከዚህ ኪሳራ እጅግ ይቀልላል።

መ. ሥራና ጥናትን አንድ ላይ ማስኬድ። የቤተሰቡ ኑሮ ልጁን ያለ ሥራ ለማቆየት የማይፈቅድ ከሆነ በግማሽ ቀን እየሠሩ በቀረው ማጥናት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ፈተናውን ከአንድ ዓመት ይልቅ በሁለት ዓመት ዝግጅት ማሰብ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ መንገዶች አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ አይደሉም። ሙያ የተማረ ወጣት የገቢ ምንጭ ይዞ በግል ተፈታኝነት ሊመለስ ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው ምንም ሳይወስኑ ዓመቱን ማሳለፍ ነው።

ስድስተኛ፦ የቤተሰብ ምክክር

ድጋሚ የመፈተን ውሳኔ የቤተሰብም ውሳኔ ነው። ለግል ተፈታኝነት የሚከፈል የምዝገባ ክፍያ፣ የመጓጓዣ፣ የመጻሕፍትና የማጠናከሪያ ትምህርት ወጪ አለ። ከእነዚህ የማይታየው ወጪ ደግሞ ይበልጣል፤ ወጣቱ በዚያ ዓመት ሊያገኝ ይችል የነበረው ገቢ ወይም ሊማረው ይችል የነበረው ሙያ ነው። ይህ ሁሉ በግልጽ ተነግሮ ስምምነት ሊደረስበት ይገባል።

በተለይ ለሴት ተፈታኞች ይህ ምክክር ወሳኝ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥታ ቤት የዋለች ልጅ ውኃ መቅዳቱ፣ ምግብ ማብሰሉ፣ ታናናሾችን መጠበቁ በእርሷ ላይ ይወድቃል። «ዓመቱን ሙሉ ቤት ተቀምጣ አጥንታ አላለፈችም» ይባላል፤ ያጠናችበት ሰዓት ቢቆጠር ግን ጥቂት ሆኖ ይገኛል። በዚህ መካከል የጋብቻ ጥያቄ ሊመጣ፣ ወደ ዐረብ ሀገር በሕገ ወጥ መንገድ የመሄድ ግፊት ሊበረታ ይችላል። ወላጆች ልጃቸው እንድትፈተን ከወሰኑ የጥናት ሰዓቷን ማስከበር፣ የቤቱን ሥራ ከወንድሞቿ ጋር ማካፈልና በዓመቱ መካከል ሌላ ነገር እንዳይጫንባት ቃል መግባት ይጠበቅባቸዋል። ይህ ካልተሟላ እንድትፈተን መፍቀዳቸው ብቻውን ዕድል መስጠት አይሆንም።

ወላጆች ከነቀፋም ሊቆጠቡ ይገባል። ከሌሎች ልጆች ጋር ማወዳደርና «ገንዘባችንን በላህ» ማለት ተማሪውን ያርቀዋል እንጂ አያተጋውም። ውጤቱን ከሰማ በኋላ ከሰው የሚሸሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ያጣ ወይም መኖር እንደማይፈልግ የሚናገር ወጣት ካለ ስለ ፈተና ማውራቱ ቀርቶ ብቻውን እንዳይሆን መጠበቅና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ሰባተኛ፦ ድጋሚ ለመፈተን የወሰነ ሰው ምን ያድርግ?

ውሳኔው ከተደረሰበት በኋላ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠቅማል።

ከመስከረም እስከ ኅዳር፦ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጻሕፍትን በመከለስ ክፍተትን መሙላት። እንግሊዝኛ በየቀኑ ይነበብ፤ የማይታወቁ ቃላት በደብተር ይመዝገቡ።

ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፦ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትምህርቶችን በምዕራፍ ከፋፍሎ ማጥናት፤ በእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች መልስ ሳያዩ መሥራት።

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፦ የቀደሙ ዓመታት ፈተናዎችን ሰዓት ይዞ መሥራት፤ የተሳሳቱትን ጥያቄዎች ወደ መጽሐፉ ተመልሶ ማየት፤ በኮምፒውተር መለማመድ።

በጥር ወር መጨረሻ አንድ የቀደመ ዓመት ፈተናን በሙሉ በሰዓት ሠርቶ ራስን መመዘን ይገባል። ውጤቱ ከፈተናው ውጤት በግልጽ ከፍ ካላለ ዕቅዱ መሻሻል አለበት፤ እስከ ሐምሌ መጠበቅ አያስፈልግም።

ምዝገባን በተመለከተ የግል ተፈታኞች የሚመዘገቡት አገልግሎቱ በሚያወጣው የጊዜ ሰሌዳ መሠረት ነው። የቀደመ ፈተና ውጤት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ፎቶግራፍና የፋይዳ መታወቂያን ጨምሮ የማንነት ሰነዶች አስቀድመው ይዘጋጁ። በሰነዶቹ ላይ ያለው ስም በሁሉም ተመሳሳይ መሆኑ ይረጋገጥ። የምዝገባው ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ የዓመቱን ልፋት ሊያስቀር ስለሚችል ማስታወቂያዎችን ከአገልግሎቱና ከትምህርት ሚኒስቴር ሕጋዊ ገጾች ብቻ መከታተል ይገባል። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ለመጠየቅ ቅርብ ናቸው።

ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ የሚፈተኑ

አንድ ጊዜ በሙሉ ዝግጅት ድጋሚ ተፈትኖ ነጥቡ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ተፈታኝ ለሦስተኛ ጊዜ ከመመዝገቡ በፊት ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። ጽናት መልካም ነው፤ ሆኖም የዕድሜ ምርጥ ዓመታትን በአንድ በር ፊት ቆሞ ማሳለፍ ከጽናት አይቆጠርም። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ድጋሚ ፈተና ላይ «ይህ ካልሆነ ቀጥሎ የማደርገው ይህን ነው» የሚል ሁለተኛ ዕቅድ በጽሑፍ ይያዝ።

ዩኒቨርሲቲ መግባትም የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና እየወሰዱ ነው። ስለዚህ በድጋሚ ዝግጅቱ የሚገኘው ዕውቀት ለመግቢያው ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥሉት ዓመታትም ስንቅ ይሆናል።

በአጠቃላይ ውሳኔው በሦስት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። ነጥቡ በየትኛው ትምህርትና በምን ምክንያት ቀረ? በሚመጣው ዓመት በእርግጥ የሚለወጠው ምንድን ነው? ይህ ዓመት በሌላ መንገድ ቢውል ምን ያስገኛል? ለሦስቱም ግልጽ መልስ ያለው ተፈታኝ ድጋሚ ቢመዘገብም ሌላ መንገድ ቢይዝም ያወቀውን መርጧል። መልስ ያላገኘ ደግሞ ለመመዝገብ ሳይቸኩል ከመምህራኑ፣ ከወላጆቹና ከወረዳው የትምህርት ባለሙያዎች ጋር ይመካከር፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ጥቂት ቀናት ማሰብ አንድ ዓመት ከማባከን ያድናልና።